የእሑዱ ብስኩት በማን እጅ ይጋገር?

በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ማኅበራችን የሚያዘጋጀው ሻይ ከጊዜ ወደ ጊዜ ሰው እየበዛበት መምጣቱ የሚያስደስት ነው። ተማሪው ብቻ ሳይሆን በቤይሩትና በአካባቢዋ በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችንም ይመጣሉ። የአገር ቤት ወሬ ይወራል፤ በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ይተረጎማል፤ ለታመመ ይዋጣል፤ ለሞተ ይለቀሳል። ስለዚህ ሻዩ ሻይ ብቻ አይደለም። ሆኖም ከዚሁ ሻይ ጋር አንድ መጥፎ ልማድ አብሮ ገብቷል። እኛ፣ ማለትም የሻይ ጠረጴዛውን ሥራ በፈቃደኝነት የያዝን ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎች፣ ስለዚህ ልማድ በግልጽ መነጋገር ተገቢ ነው ብለን ስለምናምን ይህን አስተያየት ለአባላት አቅርበናል።

ልማዱ ይህ ነው። ከቤተ ክርስቲያንም ሆነ ከዶራ ገበያ በቀጥታ ወደ አዳራሻችን የሚመጡት እህቶች ገና አረፍ ሳይሉ «እናንተ ታውቁበታላችሁ» ይባሉና ወደ ማድቤት ይሸኛሉ። ብስኩቱን የሚያቦኩት፣ ፓትራውን የሚያጥቡት፣ ስኒውን የሚሰበስቡት እነርሱ ናቸው። ተማሪው በአዳራሹ ውስጥ ስለ ሠርቶ አደሩ መብት ይከራከራል፤ ሠርቶ አደሯ ደግሞ ማድቤት ቆማ የክርክሩን ብስኩት ትጋግራለች። በዕድሜ ለገፉት «እትዬ» ብሎ በአክብሮት መጥራትና በዚያው ቅጽበት የማድቤት ሽርጥ ማስያዝ አብረው የሚሄዱ ነገሮች አይደሉም። በአገራችን ባህል እንግዳ አይታዘዝም፤ እጁን ታጥቦ ከፍ ካለው ቦታ ይቀመጣል።

የእኛ አቋም አጭር ነው። የእሑዱን ብስኩት ተማሪዎች፣ ወንድም ሴትም፣ በተራ በየቤታቸው ቅዳሜ ማታ ይጋግሩት። እሑድ ዕለት ከእንግዶቻችን አንዷም ማድቤት አትግባ።

ይህን የምንለው ለይሉኝታ ብቻ አይደለም። እሑድ ለእነዚህ እህቶች ምን ማለት እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ አድርጓቸዋል። ሠራተኛዋ በአገሩ የምትኖረው በካፋላ ሥርዓት፣ ማለትም በአሠሪዋ ዋስትና ነው፤ ከአሠሪዋ ቤት ያለ ፈቃድ ከወጣች የመኖሪያ ፈቃዷም አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል። በ2009 የወጣው ወጥ የሥራ ውል በሳምንት አንድ ቀን፣ ከ24 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት ይፈቅዳል። በ2011 የዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ የተቀበለው ስምምነት ቁጥር 189ም ይህንኑ የ24 ሰዓት ዕረፍት ደንግጓል። በወረቀት ላይ ያለውና በቤት ውስጥ የሚሠራው ግን የተለያዩ ናቸው። ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ መውጣት አይፈቀድላቸውም፤ የሚፈቀድላቸውም ከማዳም ጋር ተከራክረው ያገኙት ነው። በጥር 2015 ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ የቤት ሠራተኞች በቤይሩት ተሰብስበው የራሳቸውን የሠራተኛ ማኅበር ሲመሠርቱ፣ የሥራ ሚኒስቴር ዕውቅና ነፈጋቸው። በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ፣ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን አምጥተው በአገራችን ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው እንደሄዱ ዓለም ያየው ነው።

እንግዲህ ስድስት ቀን ሙሉ በሰው ማድቤት የቆመች እህት፣ በሰባተኛው ቀን በስንት ልመና ያገኘችውን ጥቂት ሰዓት በእኛ ማድቤት እንድትጨርሰው ማድረግ ምን ይባላል? ማዳም ደመወዝ ትከፍላለች፤ ቢያንስ ትከፍላለች ተብሎ ይታሰባል። ማኅበሩ የሚከፍለው ምስጋና ብቻ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚሰነዘሩትን ተቃውሞዎች ሰምተናል። በየተራ እንመልሳቸው።

አንደኛ፣ «ይህ ጥቃቅን ጉዳይ ነው፤ ማኅበሩ ከዚህ የበለጡ ጥያቄዎች አሉበት» የሚሉ አሉ። ትልቅ ጥያቄዎች እንዳሉ አንክድም። ነገር ግን ሦስት ኪሎ የማይሞላ ሊጥ በፍትሕ መከፋፈል ያቃተው ማኅበር፣ ትልቁን ነገር በፍትሕ እንደሚያከፋፍል ማስረጃው ምንድን ነው? የሥራ ክፍፍል ጥያቄ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚኖር አይደለም። ማድቤት ውስጥም አለ።

ሁለተኛ፣ «እነርሱ ራሳቸው ደስ ብሏቸው ነው የሚሠሩት፤ አገር ቤት ያሉ ይመስላቸዋል» ይባላል። ይህ በከፊል እውነት ነው። ከወገን ጋር ሆኖ ቡና ማፍላት፣ አምባሻ መጋገር የሚናፍቃቸው አሉ፤ ያንን የሚከለክል የለም። ነገር ግን ደስ ብሎት በመሥራትና እንቢ ማለት አፍሮ በመሥራት መካከል ልዩነት አለ። ልዩነቱ የሚታወቀው ሥራው በሌላ ሰው እጅ አስቀድሞ ተሠርቶ ሲጠብቅ ነው። ያን ጊዜ ማድቤት የምትገባ እህት በእውነት ወዳ ገብታለች ማለት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ «ለምን ከሱቅ አንገዛም?» የሚሉ ወገኖች አሉ። መግዛት ነውር አይደለም። ሆኖም ሁለት ነገር ይጎድለዋል። ከ2019 ጀምሮ በሊባኖስ የደረሰውን የገንዘብ ውድቀት ያየ ሰው፣ የታሸገ ብስኩት ለዱቄትና ለስኳር ብቻ ሳይሆን ለማሸጊያው፣ ለአስመጪውና ለአትራፊው ጭምር እንደሚያስከፍል ያውቃል። በተጨማሪም ከመካከላችን ጿሚ አለ፤ ሐላል ያልሆነ ስብ የማይቀምስም አለ። በቤት የተጋገረ ብስኩት ውስጥ ምን እንደገባ የጋገረው ይናገራል። ከሁሉ በላይ ግን፣ በግዢ የሚፈታው የጠረጴዛው ባዶነት ብቻ ነው። ማድቤትን የሌላ ሰው ሥራ አድርጎ የማየት ዝንባሌ ባለበት ይቀራል።

አራተኛ፣ በተለይ ከወንዶች ወገን፣ «አንችልበትም» የሚል ይሰማል። ይህኛው ተቃውሞ ሊጡ ራሱ የሚመልሰው ስለሆነ፣ አሠራሩን በዝርዝር እንገልጻለን።

የምንመርጠው ተራውን የስኳር ብስኩት ነው፤ በአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች ኩኪስ ከሚባለው ወገን ነው። የመረጥንበትም ምክንያት አለን። ሳምቡሳ ትኩሱን ካልተበላ አይጥምም፤ አምባሻም በማግስቱ ይደርቃል። የስኳር ብስኩት ግን ውኃ ስለሌለበት በደንብ በሚከደን ቆርቆሮ ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆያል። የአገራችን ዳቦ ቆሎ ለመንገደኛ ስንቅ የሆነው በዚሁ በደረቅነቱ ምክንያት ነው። በመሆኑም ቅዳሜ ማታ ተጋግሮ እሑድ ይቀርባል፤ እሑድ ማንም እሳት ዳር አይቆምም። የሊባኖስ ቤተሰቦች ከዱቄት፣ ከቅቤና ከላመ ስኳር የሚሠሩት ጉረይቤ የዚሁ ብስኩት የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው ሁሉ ከማንኛውም የሠፈር ሱቅ ይገኛል።

ልኩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው፤ አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት፣ ሁሉም በሚዛን። ይኸውም 100 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት ማለት ነው። አንድ ቁንጥር ጨውና ትንሽ የቫኒላ ዱቄት ይጨመራል። ቤኪንግ ፓውደር አያስፈልገውም። እንቁላል ካልገባ አይሆንልኝም ለሚል አንድ አስኳል ይበቃዋል። ይህ 600 ግራም ሊጥ፣ አንዱ ብስኩት 20 ግራም ያህል ቢሆን፣ 30 ብስኩት ይወጣዋል። ሦስት እጥፍ ቢሠራ 90 ይሆናል፤ 45 ሰው ሁለት ሁለት ይደርሰዋል። ከአገር ቤት የመጣው በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ ለዚህ አይሆንም፤ እርሱ ለዶሮ ወጡ ይቀመጥ።

ቅቤው ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ጣት ሲነካው የሚሰረጉድ እስኪሆን ይቆይ፤ ይለስልስ እንጂ አይቅለጥ። ከዚያ ስኳሩ ተጨምሮበት በእንጨት ማንኪያ መልኩ ነጣ እስኪል ይመታ። የስኳሩ እንክብሎች ቅቤውን እየፈተጉ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ይከፍቱበታል፤ ብስኩቱን ፍርክስክስ የሚያደርገው ይህ ነው። የቀለጠ ቅቤ አየር አይዝም፤ ብስኩቱም እሳት ሲያገኘው ጠፍጥፎ ይፈስሳል።

ዱቄቱ በወንፊት ተነፍቶ መጨረሻ ላይ ይግባ። እዚህ ላይ እንጀራና ዳቦ አይቶ ያደገ ሰው ሊጡን በጉልበት ማሸት ያምረዋል። ይህ ለዳቦ ጥሩ ነው፤ ለብስኩት ግን ጉዳት ነው። የስንዴ ዱቄት በታሸ ቁጥር ግሉተን የሚባለው የሚለጠጥ ነገር ይጠነክራል፤ ብስኩቱም እንደ ቆዳ ጎታታ ይሆናል። ዱቄቱ ከቅቤው ጋር እንደ ተያያዘ ማቆም ነው። ከዚያ በላስቲክ ተጠቅልሎ ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ይግባ። መብራት የለም ብሎ የሚሰጋ፣ በክረምት በረንዳ ላይ ቢያኖረውም ይሆናል።

የቀዘቀዘው ሊጥ ዱቄት በተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ይዳመጥ። መዳመጫ የሌለው በጠርሙስ፣ ቅርጽ ማውጫ የሌለው በሻይ ብርጭቆ አፍ ይሠራል። ትርፍራፊው እንደገና ተሰብስቦ ይዳመጣል። ከላይ ጥቂት ስኳር ተነስንሶ በፓትራ ላይ ይደርደር።

የምድጃው ሙቀት 180 ዲግሪ ነው። ተማሪዎች በሚከራዩት ቤት ያለው የጋዝ ምድጃ ቁጥሩ የተፋቀ ሊሆን ይችላል፤ እንግዲያውስ አንድ ብስኩት ብቻ ለሙከራ ይግባ። በአምስት ደቂቃ ጠርዙ ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል፤ በ20 ደቂቃ ካልቀላ አንሷል። በደንቡ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ጠርዙ ወርቅማ ሆኖ መሐሉ ገና ነጣ ያለ እንደሆነ ይውጣ። ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ አልበሰለም ብሎ መልሶ መክተት ስሕተት ነው። ሲቀዘቅዝ ቅቤውም ስኳሩም ይረጋሉ፤ ብስኩቱም ይጠነክራል። ሳይቀዘቅዝ ቆርቆሮ ውስጥ ከገባ በእንፋሎቱ ይርሳል።

በጾም ወራት በቅቤው ፈንታ ዘይት ይገባል። ለ300 ግራም ዱቄት 130 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት፣ 100 ግራም ስኳር፣ ሊጡን ለማያያዝ ጥቂት የብርቱካን ጭማቂ ይበቃል። መዳመጡን ስለማይወድ በእጅ ተድቦልቦሎ ጠፍጠፍ ይደረግ። በረመዳን ደግሞ ለሚጾሙ ወንድሞችና እህቶች ድርሻቸው ለማፍጠሪያቸው በወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጥ።

ይኸው ነው። ሦስት ነገር፣ አንድ ሳሕን፣ አንድ ማንኪያ። ልኩን የሚቆጥር፣ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ይሠራዋል። በቤተ ሙከራ ውስጥ ግማሽ ግራም የሚመዝን የሳይንስ ተማሪ 300 ግራም ዱቄት መመዘን አልችልም ሲል፣ እያለ ያለው አልፈልግም ነው።

ስለ ስኳሩም አንድ ነገር መባል አለበት፤ ምክንያቱም ነጩ ስኳር ራሱ የሰው እጅ የተደበቀበት ነገር ነው። በአገራችን በፋብሪካ ስኳር ማምረት የተጀመረው በ1954 በወንጂ ሲሆን፣ ባለቤቱ ኤች.ቪ.ኤ. የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ነበር፤ በ1962 የሸዋው ተጨመረ፤ በ1975 በመንግሥት ተወረሱ። አገዳውን የቆረጡት ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። በእርሻው ሠፈሮች የሚጠጡት የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበረ የልጆቻቸው ጥርስ በለዘ፤ ለብዙ ዓመታት የጠጡት ደግሞ አከርካሪያቸው ደርቆ ጎብጠው ቀሩ። ይህን ሐኪሞች ያጠኑት፣ የታተመም ነው። በአዲስ አበባ ሻዩን በሁለት ማንኪያ የሚያጣፍጠው ሰው ግን ይህን ጀርባ አላየውም። ጣፋጭ ነገር በቀረበበት ጠረጴዛ ሁሉ ያልተቀመጠ ሰው አለ። የእኛ ጠረጴዛ ትንሽ ስለሆነ፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ስሟንም እናውቃለን፤ ማድቤት ናት። ልናስቀምጣት የምንችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ በመነሣት ለጠቅላላው ስብሰባ የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የመጋገር ተራ ይውጣ። ለምሳሌ 24 ተማሪዎች ቢመዘገቡና በየሳምንቱ አራት አራት ሰው ቢመደብ፣ ለአንድ ሰው ተራው የሚደርሰው በስድስት ሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ሥራው ከማቡካት እስከ ዕቃ ማጠብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ፈተና ያለበት ተራውን ይለዋወጥ፤ አይሰረዝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ምድብ ወንዶች ከግማሽ ያላነሱ ይሁኑ። ሸክሙን ከሠራተኛ እህቶች አንሥቶ በሴት ተማሪዎች ጫንቃ ላይ መጣል መፍትሔ አይደለም፤ ሸክሙ ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀለለም። ወንዱ ዱቄትና ቅቤ ገዝቶ ማምጣትን ብቻ እንደ ሥራ አይቁጠረው፤ ፓትራውንም ይጠብ።

ሦስተኛ፣ የዱቄቱ፣ የቅቤውና የስኳሩ ወጪ ከማኅበሩ ሣጥን ይከፈልና ሒሳቡ በየወሩ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

አራተኛ፣ ከእህቶች መካከል ሙያዋን ልታካፍል የምትፈልግ ካለች፣ በአስተማሪነት ትጋበዝ። ብዙዎቹ በአሠሪዎቻቸው ቤት መዓሙል መሙላትና ጉረይቤ መጋገር እስከ ጥግ የተማሩ ባለሙያዎች ናቸው። አስተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታሳያለች፤ ተማሪው ቆሞ ይሠራል። በዩኒቨርሲቲው ለምናከብራቸው መምህራን የምንሰጠው ክብር ለእርሷም የሚገባ ነው።

ይህ ሲባል ግን፣ በአንድ ፓትራ ብስኩት ካፋላ ይፈርሳል፣ ሕጉም ይሻሻላል ማለታችን አይደለም። ለዚያ የሚያስፈልገው የሠራተኞቹ መደራጀት፣ የመንግሥታት ግዴታና የረጅም ጊዜ ትግል ነው። የእኛ ሐሳብ ከዚያ ያነሰና በእጃችን ያለ ነው። የሠራተኛን ጉልበት ያለ ክፍያ መውሰድ ስሕተት ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ ይህን እምነቱን መጀመሪያ የሚፈትንበት ቦታ እርሱ ራሱ ሻይ የሚጠጣበት ጠረጴዛ ነው። ዱቄትና ቅቤ በእጁ ያዋሐደ፣ ከምድጃ ፊት የቆመ፣ የቅባት ፓትራ የፈተገ ተማሪ፣ «ማድቤት ምን ሥራ አለው» የሚለውን ቃል ከአፉ ማውጣት ያዳግተዋል። ነገ ተመርቆ አገሩ ሲገባና የራሱን ቤት ሲመሠርትም፣ በቤቱ የምትሠራውን ልጅ የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሐሳቡ ለሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳነት እንዲያዝልን እንጠይቃለን። የሚቃወም አባል ካለ ተቃውሞውን በዚሁ ገጽ በጽሑፍ ያቅርብ፤ እንመልሳለን። እስከዚያው ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ተራ እኛ ወስደናል። ስኳሩ ተመዝኗል፤ ቅዳሜ ማታ ሊጡ ይዳመጣል። እሑድ ዕለት የማድቤቱ በር ይዘጋል፤ ወንበሮቹ ግን ለእንግዶቻችን ክፍት ናቸው።

ለሠራተኛ እህቶቻችን ዕረፍትና ክብር!